ለእድር ስብሰባ ስለ ደም ብዛት ልትናገሪ ስትነሺ ምን ይዘሽ ትሂጂ?

ጥያቄ፦ «ነርስ ነኝ። የሰፈራችን እድር በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ስለ ደም ግፊት 20 ደቂቃ እንድናገር ጠይቆኛል። 34 ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሮች፣ የልብና የኩላሊት ሥዕሎች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችም አሉበት። ባለፈው ዓመት ስለ ስኳር በሽታ በዚሁ መልክ አቅርቤ ነበር። ሰው ሁሉ በጨዋነት አዳመጠኝ፤ ሊመረመር የመጣ ግን አንድም አልነበረም። ማስረጃ አንሶኝ ነው ወይስ በዝቶብኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የያዘኝ «በጨዋነት አዳመጠኝ» ያልሽው ነው። የእኛ ሰው ጨዋ ነው። የማያምነውንም ነገር አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ከዚያ አመስግኖ፣ ቡናውን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ዝምታውን እንደ ስምምነት አትቁጠሪው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጥርጣሬ ነበር። ማስረጃዎችሽ ጥሩ ነበሩ፤ ጥርጣሬውን ግን አልነኩትም።

ሰዎችን ንግግር ሳለማምድ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደጋግሜ የማየው ችግር ይኸው ነው። ተናጋሪው ማስረጃ የሚመርጠው በእጁ ካለው ተነስቶ ነው። ያነበበውን፣ ያወረደውን፣ ደክሞ የሰበሰበውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። መነሻው ግን አድማጩ በልቡ «ይሄማ እኔን አይመለከተኝም» የሚልበት ቦታ ነው። ማስረጃ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ሰው አስቀድሞ የሚያምንበትን ነገር በአምስት ቁጥር ብታስደግፊው ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም አትጨምሪም።

ስለዚህ ላፕቶፑን ዝጊና አንድ ወረቀት አውጪ። ከላይ፣ ንግግርሽን ሰምቶ ሰው እንዲያደርገው የምትፈልጊውን አንድ ነገር ጻፊ። አንድ ብቻ። እኔ ብሆን «ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ ግፊታችሁን ተለኩ» እላለሁ። ከሥሩ ደግሞ ይህን እንዳያደርጉ የሚይዛቸውን ሐሳብ በራሳቸው አነጋገር አስፍሪ። ሰፈርሽን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስገምት ግን እነዚህን አታጪም፦ «እኔ ምንም አያመኝም።» «ቀጭን ነኝ፤ ደም ብዛት የወፍራም ሰው ነው።» «መድኃኒቱ አንዴ ከተጀመረ መውጫ የለውም።» «ጨው የሌለው ወጥ ምኑ ወጥ ነው?» እነዚህ አራት ናቸው። ለአራቱ የሚሆን ማስረጃ ካገኘሽ 20 ደቂቃሽ ሞላ።

ከስሙ እንጀምር። አንቺ «ደም ግፊት» ትያለሽ። እድርተኛው ግን «ደም ብዛት» ነው የሚለው። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሲሰሙት ደም የበዛበት፣ ወፈር ያለ፣ ፊቱ የቀላ ሰው ነው የሚታያቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደጋፊ ነገርሽ አንድ አጭር ትርጉም ይሁን። «ደማችን አልበዛም። ደሙ መንገዱን የሚገፋበት ኃይል ነው የበዛው።» ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንቺም እንደ እነሱ «ደም ብዛት» በያቸው። እነሱ በለመዱት ስም ብትጠሪው ሙያሽን አይቀንሰውም።

ትርጉሙን ተከትሎ ንጽጽር ይምጣ። አዲስ አበባ ከሆንሽ ንጽጽሩ ቤትሽ ውስጥ አለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት አስቢው። ቧንቧው ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል። ያረጀው መጋጠሚያ የሚለቀው ያን ጊዜ ነው። ባለቤቱ ተኝቷል፤ ምንም አልሰማም። ጠዋት ሲነሳ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። እዚህ ላይ ትንሽ ዝም በይ። አዳራሹ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ሰው ጥቂት ነው፤ ራሱ ያስታውሰው። «እኔ ምንም አያመኝም» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ባለቤቱንም እኮ ምንም አላመመውም ነበር።

ንጽጽር ግን የሚያልቅበት ቦታ አለው። እዚያ ቦታ ላይ ራስሽ ቀድመሽ ቁሚ። «ቧንቧ ቢበላሽ ይቀየራል፤ የአንጎል የደም ሥር ግን እንደ ቧንቧ አይቀየርም» በያቸው። አንቺ ካልተናገርሽው አንዱ ጠያቂ ንጽጽሩን ወደማትፈልጊው አቅጣጫ ይወስደዋል። ስለ ቅጥነትም እውነቱን ሙሉ አድርገሽ ንገሪ። ውፍረት አደጋውን ይጨምራል። ቅጥነት ግን ዋስትና አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥር። ስላይዶችሽ ላይ 1.28 ቢሊዮን የሚለው እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ነው፤ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ሆኖ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ግምት። በወቅቱ ትክክለኛ ግምት ነበር። ለእድርተኛው ግን ምንም አይነግረውም። ቢሊዮን የሚባል ነገር ማን አይቶ ያውቃል? እዚያው መረጃ ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ከእነዚህ ሰዎች 46 በመቶ የሚሆኑት ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ያንቺ ቁጥር ይህ ነው። ትልቁን ተዪውና ይህን ያዢ።

ይህንንም ቢሆን በመቶኛ አትንገሪያቸው፤ አሳያቸው። እድር ወንበር አያጣም። አሥር ባዶ ወንበሮች ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገሽ ከፊት ደርድሪ። «እነዚህ ደም ብዛት ያለባቸው አሥር ሰዎች ናቸው» በይ። ከዚያ አምስቱን አንድ በአንድ ወደ ግድግዳ አዙሪ። ስታዞሪ አትናገሪ። አምስተኛው ሲዞር «እነዚህ አያውቁትም» በይና አቁሚ። ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ያዩታል። መብራትም ስክሪንም አይፈልግም። ወንበሮቹ ላይ ግን ሰው እንዳታስቀምጪ። ወደ ግድግዳ የዞረው ሰው ሰፈር ውስጥ ለወራት «በሽተኛው» ተብሎ ይቀራል።

አንድ ጥንቃቄ። ይህ የዓለም ቁጥር ነው። «በእድራችን ከአሥሩ አምስቱ» ካልሽ ውሸት ሆነ። «በዓለም ላይ እንዲህ ነው፤ የእኛን ለማወቅ ያለው መንገድ መለካት ብቻ ነው» በይ። እንዲህ ስትይ እውነቱን ከመጠበቅሽም በላይ ንግግሩን ወደምትፈልጊው ቦታ ወሰድሽው።

ስለ ጨው ትንሽ ቆየት ልበል፤ ብዙ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ነው። ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማለት ነው። ብዙ ባለሙያ የሻይ ማንኪያ ጨው ሰሃን ላይ አድርጎ ያሳያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ያለ ሰው አያየውም። ሰሃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር ቢባል ደግሞ ሰው ሰሃኑን እያየ አንቺን መስማት ያቆማል። ሌላም ችግር አለ። ማንም እናት ወጥ ስትሠራ በሰው ነፍስ ወከፍ አትለካም። ድስት ነው የምታየው። ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ቤት መለኪያ ቀይሪው።

እስቲ አብረን እናስላ። አምስት አዋቂ ያለበት ቤት በቀን ከ25 ግራም በታች መብላት አለበት። አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን ሊቆይ ነው? 40 ቀን። እንዲያውም ዳቦ ውስጥና ከቤት ውጭ የሚበላውም ስለሚቆጠር ከ40 ቀን በላይ መቆየት አለበት። እንግዲህ አንድ ኪሎ ጨው ከፍ አድርገሽ ያዢና «ይህ እናንተ ቤት ስንት ቀን ይቆያል?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ከአንቺ የበለጠ የሚያውቁት እናቶች ናቸው። አንዷ «ሁለት ሳምንት» ስትል ጎረቤቷ ስትስቅ ትሰሚያለሽ። ያን ጊዜ 40 ቀን የሚለውን ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አትጨምሪ። ወደ ቤታቸው ሄደው የጨው ዕቃቸውን ባዩ ቁጥር ንግግርሽ ይቀጥላል።

አንድ ዕቃ አንድን ሐሳብ ሲሸከም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማሳየት ሁልጊዜ የማነሳው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ አየር ላይ ተበታተነች። ሰባት ሰዎች አለቁ። ከመነሳቷ በፊት በነበረው ምሽት የሮኬቱ መሐንዲሶች ብርዱ የሮኬቱን መጋጠሚያዎች የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች ያደነድናቸዋል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ማስረጃቸው 13 ገጽ ነበር፤ ሰንጠረዥና ጽሑፍ። ውሳኔ ሰጪዎቹ አላመኑም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በምርመራው ስብሰባ ላይ ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የዚያን ጎማ ቁራጭ በትንሽ ማጥበቂያ ጨምቆ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ማጥበቂያውን ሲፈታው ጎማው ወዲያው ወደ ቅርጹ አልተመለሰም። ያለቀ ነገር ነበር። ዓለም ሁሉ ገባው።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ዕቃ ይዘህ ሂድ» የሚለውን ብቻ ይወስዳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፋይንማን አሥር ነገር አላሳየም። የአደጋው ጥያቄ ሁሉ ያረፈበትን አንዱን ነጥብ መርጦ እሱን ብቻ አሳየ። ደግሞም አስቀድሞ ሞክሮታል። አንቺም ወንበሮቹን ቤትሽ አዙረሽ ተለማመጂ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እይ።

ዕቃ የማይገባበት ቦታም አለ። እዚያ የተመረጠ ዝርዝር ሥራውን ይሠራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ ፎቶ አላሳዩም። «ጠላት በመርዝ ጨረሰን» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። መርጫ መሣሪያ አውሮፕላኖቹ ላይ መገጠሙን ተናገሩ። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ እየተከታተሉ ይመጡ እንደነበር ተናገሩ። የሚረጩት ጭጋግ እንዴት አንድ ላይ ተያይዞ እንደሚወርድ፣ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙና ግጦሹ እንዴት እንደረሰረሰ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው። ግን ሰማዩ ይታይሻል። ማኅበሩ ያን ጊዜ አልረዳንም፤ ይህ የማስረጃው ድክመት አልነበረም። ንግግሩ ዛሬም ሲነበብ የሚያንቀጠቅጠው በእነዚያ ዝርዝሮች ነው። አንቺም «ግፊት ስትሮክ ያመጣል» ስትይ እዚያ አትቁሚ። አንድ ሰው ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ጣቶቹ እምቢ ሲሉት፣ ልጁን ሲጠራ አፉ ሲተሳሰር አሳያቸው። ሁለት ሦስት ዝርዝር ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥርጣሬ፣ ወደ መድኃኒቱ። «ከተጀመረ መውጫ የለውም» ለሚል ሰው ቁጥርም ንጽጽርም አያገለግልም። ፍርሃቱ ስለ ኑሮው ነው። እዚህ የሚሠራው ምስክር ነው። ምስክሩም ራሱን የሚመስል ሰው መሆን አለበት። አንቺ ነርስ ነሽ፤ «ክኒኑ አያስቸግርም» ብትይ «እሷማ ሥራዋ ነው» ይባላል። ዓመታት ክኒን የሚውጡ፣ አሁንም እድር የሚያስተናግዱ፣ ድንኳን የሚተክሉ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢናገሩ ግን ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ ልለምንሽ። ከሥራሽ የምታውቂውን የታካሚ ታሪክ እንዳታወሪ። «ስም አልጠራም» ብለሽ እንዳትጽናኚ። እድር ውስጥ «ባለፈው ዓመት ሽባ የሆኑ አንድ አባት» ካልሽ ሁሉም ሰው ማን እንደሆኑ ያውቃል። ሚስታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ምስክርሽ በፈቃዳቸው የሚመጡ ይሁኑ። ቀድመሽ ቤታቸው ሂጂ። «ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው» በያቸው። ሦስት ጥያቄ ስጫቸው፦ መጀመሪያ ሲነገርዎት ምን ተሰማዎት? መድኃኒቱን አቁመው ያውቃሉ? አሁን ቀንዎ እንዴት ነው? በዕለቱ አንቺ ጠይቂ፣ እሳቸው ይመልሱ። ማይክ ብቻ ሰጥተሽ ከተቀመጥሽ 20 ደቂቃሽ እዚያው ያልቃል፤ እሳቸውንም ማቋረጥ ነውር ነው። መድኃኒት አቁመው ከነበረም ይናገሩት። ለአድማጩ ይበልጥ የሚታመነው የሰው ድካም ያለበት ታሪክ ነው። ከእሳቸው በኋላ አንቺ አንድ ነገር ጨምሪ፦ መድኃኒት በራስ ውሳኔ አይቋረጥም፤ የሚቀየረውም የሚቀነሰውም ከሐኪም ጋር ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገሮችሽን ቀንሺ። እኛ እንወዳቸዋለን፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ተረትና ምሳሌ ግን ምንም አያረጋግጥም። ሥራው ልብን ማቀራረብ ነው። አንድ ይበቃል፤ ያንንም በደንብ አስቢበት። ለምሳሌ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለት ያምርሽ ይሆናል። እዚህ ቦታ ግን አይገጥምም። ሰዎቹ አልደበቁም፤ አላወቁም። ያልበደለን ሰው ስትወቅሺ ጆሮውን ይዘጋብሻል።

ስለ ስላይዱ ብዙ አልልም። የእድር አዳራሽ ቀን ላይ ብርሃን ይበዛበታል፤ ፕሮጀክተር ደብዝዞ አይታይም። መብራትም ሊጠፋ ይችላል። የኩላሊት ሥዕል ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ባቄላ ነው። አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር 140/90 ብለሽ ጻፊ። የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከተገኘ ደም ብዛት ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ስትደርሺ ወረቀቱን አውጪ፤ ስትጨርሺ ገልብጪው። ዓይናቸው ወደ አንቺ ይመለሳል። ሰው ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደሽ ተቀመጪ። ከዚያ ሆነሽ ማንበብ ካልቻልሽ እንደገና ጻፊው።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ተጋብዤ ስናገር የሆነ ቦታ ያየሁትን ቁጥር ጠራሁ። ቁጥሩ ያምራል፤ ሰውም ጉድ አለ። ከኋላ አንድ አዛውንት ተነስተው «ልጄ፣ ይህን ማን ቆጠረው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ያን ቁጥር ብቻ አይደለም ያጣሁት። ከዚያ በፊት በትክክል የተናገርኩትም ሁሉ አብሮ ወደቀ። አዳራሹ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ማስረጃ በትንሽ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ጀርባው ላይ ማን እንዳለው፣ መቼና ስለ የት ሰዎች እንደሆነ አሰፍራለሁ። ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ ወደ መድረክ አይወጣም። አንቺም እንዲህ አድርጊ። ስትናገሪ ደግሞ ምንጩን ከቁጥሩ አስቀድሚ። «የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው» ብለሽ ጀምሪ። ሰው ማን እንደሚናገር ካወቀ በኋላ ነው ቁጥሩን የሚቀበለው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ባደርገው እወዳለሁ፦ ስሙ፣ ከዚያ የሌሊቱ ቧንቧ፣ ወንበሮቹ፣ የጨው ኪሎው፣ ጋሼ፣ በመጨረሻ 140/90። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የሆነው ከእሱ በኋላ ወዲያው መለኪያውን ስለምታነሺ ነው። ዋናው ማስረጃሽ እሱ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳቸው ይናገራል። መድረክ ላይ ግን ማንንም አትለኪ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሰውዬው በሕዝብ ፊት ይደነግጣል፤ ሌላውም ፈርቶ ይወጣል። ጥግ ላይ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና መጋረጃ አዘጋጂ። አንድ የሥራ ባልደረባሽ ብትመጣ ወረፋው ይቀላል። የማሽኑን ባትሪ ሌሊቱን አረጋግጪ። ትልቅና ትንሽ የክንድ ማሰሪያ ያዢ።

ከእድሩ ሊቀመንበር ጋር ደግሞ ስለ አንድ ነገር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሰው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። ከልኬቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ደግሞ ቡና መጠጣት የለበትም፤ ቡና ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የዚያን ቀን ቡናው ከልኬቱ በኋላ ይፈላ።